ስለ ባሕር ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፤ ከሰመራ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በሰመራ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ አንድ አንባቢያችን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ከዚህ ቀደም ያልተነሣ ጥያቄ ልከውልናል። እሳቸው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የዕረፍት ፈቃድ ሲያገኙ በገላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ወርደው፣ ከወዳጆቻቸው ጋራ በጀልባ ወደ ጥልቁ ባሕር እየወጡ ትልልቅ ዓሣ ያጠምዳሉ። እስከ ዛሬ የጀልባውን ባለቤት ዘንግ እየተከራዩ ሲሠሩበት ኖረው አሁን የራሳቸውን መሣሪያ ለመግዛት ቈርጠዋል። ነገር ግን ወይዘሮ ባለቤታቸው ዋጋውን በሰሙ ጊዜ፤ «እንዳሉ ይሁን፤ ብቻ ይህን በትር ስንት ዓመት እንገለገልበታለን?» ብለው ቢጠይቋቸው የሚመልሱትን አጡ። ስለዚህ፤ «ለብዙ ዘመን የሚቈይ ዘንግ በምን ይታወቃል?» ሲሉ ጽፈውልናል።

ጥያቄው የወይዘሮዋ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድመን ለእሳቸው እንሰጣለን። በሚገባ ተመርጦ በሚገባ የተያዘ የባሕር ዘንግ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ዕቃ ነው፤ ሳይታወቅ የተገዛው ግን በመጀመሪያው ቀን በመጀመሪያው ዓሣ ሊሰበር ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሰው እንደሚመስለው በውፍረቱ አይደለም፤ በዋጋውም ብቻ አይደለም። ዘንግ የሚሰበረውም፣ የሚዝገውም፣ የሚላቀቀውም ሁልጊዜ ከሁሉ በደከመው ክፍሉ ነውና፣ ገዢው ዓይኑን ከሚያብረቀርቀው ቀለም ላይ አንሥቶ ወደ ቀለበቶቹ፣ ወደ ክር መጠቅለያው መቀመጫና ወደ ግርጌው መመልከት ይገባዋል።

በአዋሽ ሸለቆ ለሚኖር ሰው ዓሣ ማጥመጃ ሲባል በልቡ የሚመጣበት የወንዙ ዘንግ ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቆቃን አልፎ፣ በአዋሽ ከተማ አጠገብ በጥልቅ ገደል ውስጥ ወርዶ፣ በገዋኔና በዱብቲ፣ በአሳይታም በኩል ካለፈ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በዚህ ሁሉ መንገዱ የሚገኙት ዋነኞቹ ዓሦች ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ለቆሮሶ አንድ ቀጭን ቀርከሃ፣ ጥቂት ክርና አንድ መንጠቆ ይበቃል። አምባዛ በርትቶ ቢጐትትም የሚጐትተው ከጭቃው ወደ ጭቃው ነው፤ አጥማጁ ዘንጉን በእጁ ይዞ በምድር ላይ ቆሟልና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ነገሩ ያልቃል። ወደ ኋላ ሲል ብቻ አዞውን አይርሳ፤ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥም ያለ ፈቃድ መንጠቆ አይጣልም። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቍጥር 315/1995 መኖሩን ሹማምንት የሆኑት አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ስለሚያውቁት አናስረዝመውም።

ወንዙ ባሕር አይደርስም፤ ሰው ግን በመኪና ይደርሳል። ከኤርትራ ጋራ ጦርነት እስከ ተነሣበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከአፋር ምድር ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው መንገዱ ወደ አሰብ ነበረ፤ ዛሬ የከባድ መኪናው ሁሉ ጕዞ ወደ ጅቡቲ ስለ ሆነ አጥማጁም ያንኑ መንገድ ይከተላል። በዚያም በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥና ከዚያ ውጭ በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነው ባራኩዳ፣ ፈረንሳዮች ካራንግ የሚሉት ግንባረ ሰፊ ዓሣ፣ ቱና፣ እንዲሁም በጀርባው ላይ እንደ መርከብ ሸራ ያለ ክንፍ የሚዘረጋው ሴይልፊሽ ይገኛሉ። ከነዚህ አንዱ በወንዙ ቀርከሃ ቢያዝ ቀርከሃው ከነክሩ ይሄዳል።

የባሕሩ አሠራር ከወንዙ ፈጽሞ የተለየ ነው። ጀልባው እየሄደ ዓሣ የሚመስሉ የውሸት ማባበያዎችን ከኋላው ይጐትታል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ11 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዘንጉ በሰው እጅ አይያዝም፤ በጀልባው ጠርዝ ላይ በተተከለ የብረት ቱቦ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ዓሣው ሲነክስ የጀልባው ጕዞና የዓሣው ሩጫ ባንድ ጊዜ በዘንጉ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ የዚህ ዘንግ ሥራ መወርወር አይደለም፤ እንደ ሞላ እየጐበጠ ክሩ በድንገት እንዳይበጠስ ማዳን ነው። ከግርጌው አጠገብ የታሰረው የክር መጠቅለያ፣ በጅቡቲ ባለ ሱቆች አፍ ሙሊኔ የሚባለው፣ በውስጡ ፍሬን አለው፤ ዓሣው በጣም ሲጐትት ፍሬኑ እያዘገመ ክር ይለቅለታል። ክሩ፣ ፍሬኑና ዘንጉ ባንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ናቸውና አንዱ ከሌላው ጋራ ካልተመጣጠነ እርሻው አይሄድም። እጅግ የጠነከረ ዘንግ በቀጭን ክር ላይ ቢታሰር ክሩ ይበጠሳል፤ በደካማ ዘንግ ላይ ጠንካራ ክር ቢደረግ ዘንጉ ይሰበራል።

ይህን ማመጣጠን ለማቅለል በዘንጉ ግርጌ ላይ ቍጥር ይጻፋል፤ ይኸውም 20 ወይም 30፣ 50፣ 80፣ 130 ይላል። ቍጥሩ የሚናገረው በእንግሊዝ ፓውንድ ስለ ክሩ ኀይል ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ክሮችን በዚህ መሠረት መድቦ በኪሎ ግራምም አስቀምጧቸዋል፤ 20 ፓውንድ 10 ኪሎ፣ 30 ፓውንድ 15 ኪሎ፣ 50 ፓውንድ 24 ኪሎ፣ 80 ፓውንድ 37 ኪሎ፣ 130 ፓውንድ ደግሞ 60 ኪሎ ይባላል። ብዙ ሰው በዚህ ላይ ይሳሳታል፤ 30 የሚለውን አይቶ «ሠላሳ ፓውንድ ከሚመዝን ዓሣ በላይ አይችልም» ብሎ ያስብና ከሁሉ ወፍራም የሆነውን ይገዛል። ቍጥሩ የዓሣው ክብደት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በነሐሴ ወር 1953 ዓ.ም. አልፍሬድ ግላሴል የተባለ አሜሪካዊ በፔሩ ባሕር፣ ካቦ ብላንኮ በተባለው ስፍራ፣ 1,560 ፓውንድ ማለት 707 ኪሎ የሚመዝን ጥቍር ማርሊን በዘንግ አውጥቷል። ከማኅበሩ ክሮች ከሁሉ የሚበረታው 60 ኪሎ የሚሸከመው መሆኑን ለተመለከተ፣ ዓሣው ከክሩ ኀይል ከዐሥር እጥፍ በላይ ይመዝን እንደ ነበረ ይገባዋል። ዓሣው በውሃ ውስጥ ሳለ የሚደክመው በዘንጉ ጕብጠትና በፍሬኑ ትዕግሥት ስለ ሆነ ነው እንጂ፣ ማንም እንደ ውሃ ባልዲ አንጠልጥሎ አያወጣውም።

እንግዲህ አንባቢያችን የትኛውን ይግዙ? እኛ እንደሚመስለን 30 ፓውንድ፣ ማለት 15 ኪሎ የሚለውን ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አዘውትሮ ለሚያዘው ባራኩዳና ካራንግ ይበቃል፤ ለሴይልፊሽም የታወቀ ልክ ነው። 50 ፓውንድ የሚለውን የሚገዛ ሰው ወደ ሩቁ ውሃ ወጥቶ ትልቁን ቱና ወይም ማርሊን የሚፈልግ ነው፤ እርሱ ግን የበለጠ ገንዘብ፣ የበለጠ መጠቅለያና የበለጠ ጕልበት ያስፈልገዋል። 80ና 130 የሚሉት ከጀልባው ወለል ጋራ በተያያዘ ልዩ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩባቸው ናቸው፤ በዓመት ሁለት ቀን በኪራይ ጀልባ ለሚወጣ ሰው አይሆኑም። ርዝመቱም ቆሞ ለሚያጠምድ ሰው ከ1 ሜትር ከ70 እስከ 2 ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ረጅሙ ዘንግ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ዓሣው የሚጐትተው በርዝመቱ ልክ ተባዝቶ በአጥማጁ ወገብ ላይ ይወድቃል። ይህን የበር መቀርቀሪያ በረጅም ብረት የፈለቀቀ ሌባ ያውቀዋል።

ስለ አካሉ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ባለ ሱቆች ብዙ የሚያወሩት በዚህ ላይ ነውና። የዛሬ መቶ ዓመት ግድም የባሕር ዘንግ ከቀርከሃና ከጠንካራ እንጨት ይሠራ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. ዜን ግሬይ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በታሂቲ ደሴት አጠገብ ሻርኮች ከበሉት በኋላ እንኳ 1,040 ፓውንድ የመዘነ ማርሊን ያወጣው በዚያ በእንጨት ዘመን ነበረ። በአገራችን ሁለት ዓይነት ቀርከሃ እንዳለ የታወቀ ነው፤ የደጋው ውስጡ ባዶ ነው፣ በቤኒሻንጉልና በሌላው ቆላ የሚበቅለው ሽመል የምንለው ግን ውስጡ የሞላ ነው። ሁለቱን በጕልበቱ ላይ ያጐበጠ ሰው የዘንግን ትምህርት ግማሹን ተምሯል። ባዶው ቀላልና ፈጣን ነው፤ በጐኑ ድንጋይ ቢነካው ግን ይሰነጠቃል። የሞላው ከባድና ዘገምተኛ ነው፤ ቢመቱት ግን ቻይ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንጨቱን የመስታወት ክር ተካው፤ ይኸውም መስታወት ቀልጦ እንደ ጥጥ ተፈትሎ በሙጫ የተጋገረ ነው፤ ፋይበር ግላስ ይሉታል። ከ1970ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ጀምሮ ደግሞ ካርቦን መጣ። ካርቦን እጅግ ቀላል ነው፤ እጅ ሳይደክም ቀኑን ሙሉ ይያዛል፤ ዓሣው ሲነካም ወዲያው ያሳውቃል። ስለዚህ ባለ ሱቁ እርሱን ያስቀድማል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ጠባዩ እንደ ባዶው ቀርከሃ ነው። በጀልባው ብረት ላይ አንድ ጊዜ ቢወድቅ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይገባውና፣ ያ ቀን በሰላም አልፎ በሌላ ቀን ትልቅ ዓሣ ሲይዝ እንደ ጥይት ጮኾ ይሰበራል። የመስታወቱ ክር ይከብዳል፤ ሆኖም ብዙ ሳይሰበር ይጐብጣል፣ ድንገተኛ ምትም ይችላል፤ የሚከራዩ ጀልባዎች ባለቤቶች ለማያውቃቸው እንግዳ ሁሉ የሚሰጡት ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ የመስታወት ክር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። እየጐተቱ ለማጥመድ ደግሞ ዘንጉ በቱቦ ውስጥ ስለሚቆም ክብደቱ ማንንም አያደክምም። ሁለቱን በማቀላቀል የሚሠራ ቅይጥ ዘንግ አለ፤ አካሉ ካርቦንና መስታወት አብሮ የተጠቀለለበት፣ ጫፉ ግን ብዙውን ጊዜ መስታወት የሆነ ነው። የእኛ ምርጫ መስታወቱ ወይም ቅይጡ ነው፤ ለዚህ ሥራ ካርቦን ብቻ የሆነውን አንመክርም።

ካርቦን ሌላም ነገር አለበት። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር በአዋሽ ከተማ በኩል የሚያልፈው ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ሁለት ሜትር ዘንግ በትከሻው አቁሞ በማናቸውም የኤሌክትሪክ መስመር ሥር የሚሄድ ሰው ነፍሱን ለአደጋ ያቀርባል፤ ሽቦውን ሳይነካው እንኳ በቅርብ ሆኖ ሊመታው ይችላል። መብረቅ ሲኖር በባሕር ላይ ካርቦን ማቆምም እንደዚሁ ነው። በአዋሽ ዳር ለአምባዛ የሚወጡ ልጆች ዘመድ ከውጭ አገር የላከላቸውን ቀላል ዘንግ ይዘው በሐዲዱ አጠገብ ሲሄዱ ወላጆች ይህን ሊነግሯቸው ይገባል።

አሁን ወደ ደካሞቹ ክፍሎች እንምጣ። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት በውስጡ እንደ ሸክላ የተጋገረ ጠንካራ ሽፋን ያለው ተራ ቀለበት ነው። ሁለተኛው ዓይነት በትንንሽ መዘውር የሚሽከረከር ነው፤ ክሩ ሲሮጥ መዘውሩ አብሮ ስለሚዞር ክሩ አይፋቅም፣ አይግልም። ባለ መዘውሩ ከ50 ፓውንድ ጀምሮ ለሚወጡት ዘንጎች ይስማማል፤ ነገር ግን ንጽሕናና ዘይት የሚፈልግ ዕቃ ነው። ጨው ገብቶበት አንድ ጊዜ ከቆመ፣ ያልዞረው መዘውር ክሩን እንደ ቢላዋ ይሞርዳል። በሰመራ ተቀምጦ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ለሚያወጣው ሰው ተራው ቀለበት ይሻለዋል፤ እያንዳንዱ ቀለበት ግን በሁለት እግር የቆመ እንጂ በአንድ እግር የተለጠፈ መሆን የለበትም። ከጅቡቲ የሚገዛው ክር የተገመደ ከሆነ ደግሞ ቀለበቱ ጠንካራ መሆኑን አጥብቆ መጠየቅ ነው፤ የተገመደ ክር ርካሹን ቀለበት በጥቂት ቀን ቦይ ያወጣለታል።

ቀለበት ስንጥቅ እንዳለበት በዓይን አይለይም። ነገር ግን ወይዘሮዎቻችን ሊያደርጉት የሚችሉ ቀላል ፈተና አለ። ከተባዘተ ጥጥ ጥቂት ወስዶ በቀለበቱ ውስጥ በዙሪያው ሁሉ ማሻሸት ነው። ጥጡ ሳይነካ ካለፈ ቀለበቱ ደኅና ነው፤ አንዲት ጭራ ክር እንኳ ከያዘች በዚያ ስፍራ ስንጥቅ አለና ያ ዘንግ አይገዛ። ባለ ሱቁ ቢስቅም ይሣቅ። የተገዛውም ዘንግ በየዓመቱ እንዲሁ ቢፈተን ብዙ ክር ያድናል።

መጠቅለያው የሚታሰርበት መቀመጫ ሁለተኛው ደካማ ስፍራ ነው። ከፕላስቲክ የተሠራ አለ፣ ከወፍራም አሉሚኒየም የተሠራ አለ። ለባሕር አሉሚኒየሙ ይሻላል፤ የሚያጠብቀውም ዳዶ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ቢሆን፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዳይላላ ይቈልፈዋል። ወደ ሱቁ ሲሄዱ መጠቅለያውን ይዘው ይሂዱና በመቀመጫው ላይ አስረው ወዲያና ወዲህ ይነቅንቁት፤ በሱቅ ውስጥ ጥቂት የሚንቀሳቀስ በባሕር ላይ ይላቀቃል። ከግርጌው ጫፍ ደግሞ የመስቀል ቅርጽ ያለው ስንጥቅ መኖር አለበት፤ ይህ ስንጥቅ በጀልባው ቱቦና በወገብ መታጠቂያው ውስጥ ባለው ዘንግ ማስቀመጫ ላይ ገብቶ ዘንጉ እንዳይዞር ይይዘዋል። ይህ የሌለው ዘንግ ዓሣው ወደ ጐን በሮጠ ቍጥር በእጅ ውስጥ ይገለበጣል።

ይህ ሁሉ የሚጠፋው በጨው ነው። ለአፋር ምድር ነዋሪ ስለ ጨው መንገር ለአሞሌ ነጋዴ ስለ አሞሌ እንደ መንገር ነው፤ በአፍዴራ ጨው የጫነ መኪና ወለሉ ምን እንደሚሆን ሁሉም አይቶታል። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 35 ግራም ጨው አለው። ከሁሉ ይልቅ ሁለት የተለያዩ ብረቶች፣ ለምሳሌ አሉሚኒየምና የማይዝግ የተባለው ብረት፣ በጨው ውሃ እየራሱ አብረው ሲታሰሩ አንዱ ሌላውን ይበላዋል፤ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ያልቃል። ስለዚህ ያገለገለ ዘንግ የሚገዛ ሰው በዳዶው ጥርሶች መካከልና በቀለበቶቹ እግር ሥር ይመልከት። ነጭ ዱቄት ወይም ቡናማ ዝገት ካለ፣ ቀለበቱን ጠምጥሞ በያዘው ክር ላይ ያለው ቨርኒሽም ከተሰነጣጠቀ፣ ሻጩ በግማሽ ዋጋ እንኳ ቢሰጥ ውድ ነው።

ፈተናው እንዲህ ይሁን። ዘንጉን በአንድ ዓይን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ መመልከት፤ ቀለበቶቹ ሁሉ በአንድ መስመር ካልቆሙ መተው። ከዚያ በኋላ መጠቅለያው ታስሮ ክሩ በቀለበቶቹ ሁሉ ካለፈ በኋላ በክሩ ጫፍ አራት ኪሎ ያህል ክብደት ማንጠልጠል፤ ወይም የገበያ ሚዛን አስሮ አራት ኪሎ እስኪል መሳብ። ዘንጉ ከጫፉ እስከ መካከሉ እንደ ቀስት እየጐበጠ ከመካከሉ በታች ሊጠነክር ይገባል። በአንድ ስፍራ ብቻ እንደ ክርን የሚታጠፍ ከሆነ የሚሰበረው በዚያ ነው። ክሩም በጐበጠው ዘንግ አካል ላይ እንዳይተኛ ማየት ነው፤ ከተኛ ቀለበቶቹ አንሰዋል። የዘንጉን ጫፍ በእጅ ይዞ ወደ ታች ማጕበጥ ግን ፈተና አይደለም፣ መስበር ነው፤ ብዙ ገዢ ይህን ያደርጋል፣ ባለ ሱቁም ሲያይ ፊቱ ይለወጣል።

ይኸው ሚዛን በባሕር ላይም ያገለግላል። ፍሬኑ የሚጠብቀው ከክሩ ኀይል ከሩብ እስከ ሲሶ ነው። ለ15 ኪሎ ክር ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ማለት ነው። በግምት የሚያጠብቅ ሰው ዓሣ ሲያመልጠው የበለጠ ያጠብቃል፤ ሲያጠብቅም ይሰብራል። ዓሣው በጀልባው ሥር በደረሰ ጊዜም ዘንጉን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ አለማቆም ነው፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በቀጭኑ ጫፍ ላይ ይወድቃልና፣ በባሕር ላይ ከሚሰበሩት ዘንጎች ብዙዎቹ የሚሰበሩት በዚህ በመጨረሻው ሰዓት ነው።

አንድ ጥያቄ በወይዘሮዋ ስም እኛ እንጨምራለን፤ መግዛቱስ የግድ ነውን? አንባቢያችን በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚወጡ ከሆነ የአንድ ቀን የዘንግ ኪራይ በዐሥር አባዝተው ከዘንጉና ከመጠቅለያው ዋጋ ጋራ በወረቀት ላይ ያስተያዩት። የዐሥር ዓመት ኪራይ ከዋጋው ካነሰ መከራየት ይሻላል፤ ቤት ውስጥ ልጅ የሚማርበት ገንዘብ በቱቦ ውስጥ ተኝቶ መክረም የለበትም። ከበለጠ ግን መግዛት ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ዘንጉን መካከለኛ፣ መጠቅለያውን ደኅና ማድረግ ይሻላል፤ ክፉ ፍሬን ጥሩውን ዘንግ ያሰብራልና።

ከጅቡቲ እስከ ሰመራ ዘንጉን ማምጣት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ግርጌው የሚነቀል ዘንግ ለመኪና ይመቻል፤ የሚነቀለው መጋጠሚያ ከመቀመጫው አጠገብ ከሆነ ኀይሉን አይቀንስም። ከመካከሉ ሁለት የሚሆነው ግን መጋጠሚያው በሚጐብጠው ክፍል ላይ ስለሚወድቅ ለዚህ ሥራ አንመርጠውም። ዘንግ ሁሉ ከዓሣ ይልቅ በመኪና በር ይሰበራል ቢባል ማጋነን አይደለም። በሰመራ ደግሞ የጣሪያው ማራገቢያ አለ፤ አንድ ባልደረባችን አዲስ ዘንጋቸውን ለእንግዳ ሊያሳዩ በአዳራሹ መካከል ቢያነሡት ማራገቢያው ጫፉን አንድ ስንዝር ቈርጦ በሳህኑ ላይ ጣለው።

ከባሕር መልስ ዘንጉ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። በሰመራና በዱብቲ ውሃ እንደ ልብ ባይገኝ አንድ ጣሳ ውሃና እርጥብ ጨርቅ ይበቃል፤ ከጫፍ እስከ ግርጌ ማበስ፣ በእያንዳንዱ ቀለበት እግር ሥር ማሸት፣ ዳዶውን ፈትቶ ጥርሶቹን መጥረግ ነው። መጠቅለያውን በብርቱ የቧንቧ ውሃ መምታት አይገባም፤ ጨውን ወደ ኩሽኔታው ያስገባዋል። ሲደርቅ በዳዶው ጥርስ ላይ ጥቂት ቅባት ማድረግ፣ ፍሬኑንም ፈጽሞ ማላላት ነው፤ እንደ ጠበቀ የተቀመጠ ፍሬን በውስጡ ያሉት ክብ ንጣፎች ይጣበቃሉ። በመኪና ውስጥ በፀሐይ መተው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሰመራ በጥላ እንኳ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ወራት በተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ቀለበቶቹን የያዘውን ሙጫና ቨርኒሽ ያለሰልሳል። ለማኖሪያው ከሕንጻ መሣሪያ መደብር የሚገዛ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ከዘንጉ አንድ ክንድ አስረዝሞ ማስቈረጥ፣ ሁለቱን ጫፎች በጨርቅ መወተፍ ነው። ቱቦውም በአልጋ ሥር በወለሉ ላይ ተጋድሞ ይቀመጥ፤ በግድግዳ ላይ ተደግፎ የከረመ ዘንግ እንደ ጐበጠ ይቀራል።